ፍሎክሴቲን በሚወስዱ ሰው ላይ ትራማዶል ሲጨመር፦ ሴሮቶኒን ሲንድረም እንዴት ይታወቃል? እንዴትስ ይታከማል?

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቃችሁ ስለ አባቴ ሕመም ነው። አባቴ ስድሳዎቹን ያጋመሱ ጡረተኛ ናቸው። እናታችን ካረፉ በኋላ ድባቴ ስለጸናባቸው የአእምሮ ሐኪም ባዘዘላቸው መሠረት በቀን 20 ሚሊግራም ፍሎክሴቲን ሲወስዱ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ መድኃኒቱ ተስማምቷቸው ወደ ቤተ ክርስቲያንም ወደ ዕድርም መመላለስ ጀምረው ነበር። በቅርቡ ፒያሳ አካባቢ መንገድ ሲሻገሩ ወድቀው ወገባቸውን ስለተመቱ አንድ ክሊኒክ ትራማዶል አዘዘላቸው። ሕመሙን እምብዛም ስላላስታገሠላቸው ከሌላ መድኃኒት ቤት ጨምረው ገዝተው ከታዘዘላቸው መጠን በላይ ወስደዋል። ጉንፋንም ይዟቸው ስለነበር የደረቅ ሳል ሽሮፕ ይጠጡ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅነው ግን ከታመሙ በኋላ ነው።

ሕመሙ የጀመራቸው ከሰዓት በኋላ ነበር። መጀመሪያ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷቸው ይቁነጠነጡ ጀመር፤ ብዙም ሳይቆይ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ተቅማጥና ማስመለስም ተከተለ። እግራቸው ወለሉን ሲነካ ያለማቋረጥ ይርገበገብ ነበር። ሲመሽ ንግግራቸው ተዘባረቀ። መጀመሪያ የወሰድናቸው ክሊኒክ ትኩሳታቸውን ለክቶ፣ የዊዳል ምርመራ አድርጎ ታይፎይድ ነው በማለት መርፌ ጀመረላቸው፤ ለማስመለሱም ፕላሲል ወጋቸው። እየባሰባቸው ስለሄደ ሌሊቱን ሆስፒታል አስገባናቸው። ተረኛዋ ሐኪም በቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ እንድናመጣ ካዘዘችንና የእግራቸውን መዳፍ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ከመረመረች በኋላ ሕመሙ ሴሮቶኒን ሲንድረም እንደሆነ ነገረችን። መድኃኒቶቹን አስቁማ፣ ዲያዜፓምና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ አዝዛ፣ ሰውነታቸውን በእርጥብ ጨርቅ እንድናቀዘቅዝ አደረገች። አሁን ተሽሏቸው ቤት ናቸው።

ለመረዳት የምፈልገው፣ ሐኪሟ ያለ ደም ምርመራ ይህን ያህል እርግጠኛ የሆነችው በምን እንደሆነና በሐኪም የታዘዙ መድኃኒቶች ተገናኝተው ይህን ሊያደርሱ የቻሉበትን ምክንያት ነው። ከእንግዲህ ፍሎክሴቲኑን መቀጠል አለመቀጠላቸውም ያሳስበኛል፤ የወገባቸው ሕመም ገና አልለቀቃቸውም።

መልስ፦ ክሊኒካል ፋርማሲስት

አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ስለ መድኃኒቶቹ እኔ ልመልስና ምርመራውን ለሐኪሞቹ ልተው።

ሴሮቶኒን ሲንድረም በሰውነት ውስጥ ያለው ሴሮቶኒን ከመጠን ሲያልፍ የሚመጣ መመረዝ ነው። ሴሮቶኒን የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ስሜትን፣ እንቅልፍን፣ የሰውነት ሙቀትንና የጡንቻን ውጥረት በመቆጣጠር ሥራ ይሳተፋል፤ በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን አብዛኛው የሚገኘው ግን አንጀት ውስጥ ስለሆነ፣ ከመጠን ሲያልፍ ተቅማጥ ቢከተል አያስገርምም። ፍሎክሴቲን ድባቴን የሚያክመው አንዱ ሴል የለቀቀውን ሴሮቶኒን ቶሎ መልሶ እንዳይሰበስበው በማድረግ ነው። ትራማዶል ደግሞ ብዙ ሰው የሞርፊን ታናሽ ወንድም አድርጎ ቢያየውም፣ ከማስታገሻነቱ ጎን ለጎን እንደ ፍሎክሴቲን ሁሉ ሴሮቶኒን እንዳይሰበሰብ ያግዳል። በብዙ የደረቅ ሳል ሽሮፖች ውስጥ ያለው ዴክስትሮሜቶርፋንም ይህንኑ ያደርጋል። አባትዎ በየፊናቸው ጉዳት የማያደርሱ ሦስት መድኃኒቶችን በአንድነት ሲወስዱ፣ ሦስቱም የገፉት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው።

ከዚህም የከፋ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ባለሙያዎችም የሚዘነጉት ይመስለኛል። ትራማዶል ሕመምን በደንብ የሚያስታግሠው በጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለ ኢንዛይም ወደ ሌላ ቅርጽ ሲለወጥ ነው። ፍሎክሴቲን ይህን ኢንዛይም በኃይል ያግዳል። ስለዚህ ያልተለወጠው ትራማዶል በደም ውስጥ ይከማቻል፤ የሚከማቸው ቅርጽ ደግሞ ማስታገሻነቱ ደካማ፣ በሴሮቶኒን ላይ ያለው ጫና ግን ብርቱ የሆነው ነው። ታማሚው መድኃኒቱ አልሠራልኝም ብሎ ይጨምራል፤ በጨመረ ቁጥር ሕመሙ ሳይቀንስ አደጋው ያድጋል። ዴክስትሮሜቶርፋንም በዚሁ ኢንዛይም ስለሚወገድ አብሮ ይጠራቀማል። አባትዎ ማስታገሻው አልረዳኝም ብለው ከሌላ ቦታ የጨመሩት በዚህ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ።

ጉዳዩ እኛን በተለይ ይመለከታል። በኢትዮጵያውያን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ሰዎች 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ትራማዶልንና ኮዴይንን በፍጥነት ወደ ብርቱው ቅርጽ ይለውጣሉ። ቀድሞ ትራማዶል ወስዶ በጣም የተስማማው ሰው፣ ፍሎክሴቲን ከጀመረ በኋላ ያው ትራማዶል እንደ ውኃ ሆነብኝ ቢል ምክንያቱ እዚህ ላይ መፈለግ አለበት። መጠን ጨምሩ ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ሌሎቹንም በአጭሩ ልጥቀስ። ሰርትራሊን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ኢሚፕራሚን፣ ሊቲየም፣ ብርቱ ማስታገሻዎቹ ፔቲዲንና ፌንታኒል፣ እንዲሁም መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ለማከም የሚሰጠው ሊኔዞሊድ በዚህ ረገድ ጥንቃቄ የሚሹ ናቸው። እጅግ አደገኛ የሚባለው ሴሮቶኒንን የሚሰባብረውን ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም የሚያግዱ መድኃኒቶች ከእነዚህ ጋር ሲቀላቀሉ የሚፈጠረው ነው፤ ሊኔዞሊድም በደካማነት ቢሆን የዚህ ወገን ነው። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚላኩ እንደ ናይኩዊል ያሉ የጉንፋን መድኃኒቶችም ዴክስትሮሜቶርፋን ስላለባቸው ከዝርዝሩ አይወጡም።

ትራማዶል በማዘዣ ብቻ መሸጥ ያለበት መድኃኒት ነው። ማዘዣው ቢኖርም እንኳ፣ ከመስኮቱ ወዲህ ያለነው ባለሙያዎች «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብለን ስንጠይቅ የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ወረፋ በያዘ ሕዝብ ፊት አፍሮ የለም ሊል እንደሚችል ማሰብ ይኖርብናል። ገለል አድርጎ ዝቅ ባለ ድምፅ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም

ተረኛዋ ሐኪም ያለ ደም ምርመራ የወሰነችው ይህን ሕመም የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ ስለሌለ ነው። በደም ውስጥ ያለው የሴሮቶኒን መጠን ቢለካ እንኳ በነርቮቹ መካከል ያለውን አያሳይም። የሚመረመረው ታማሚው የወሰደው ነገርና ሰውነቱ ነው፤ ከሰውነትም ይልቁን እግሩ።

እርስዎ ወለሉን ሲነካ ይርገበገብ ነበር ያሉት እኛ ክሎነስ የምንለው ነው። ጉልበቱን በመጠኑ አጥፈን፣ እግሩን ደግፈን፣ የእግሩን መዳፍ በፍጥነት ወደ ላይ ገፍተን ስንይዘው ቁርጭምጭሚቱ በምት መልክ ተደጋግሞ ወደ ታች ይመታል። ያለ ንክኪ በራሱ የሚመጣም አለ፤ በዓይን ላይም ኳሱ ከጎን ወደ ጎን ሲወዛወዝ ሊታይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከአውስትራሊያ የወጣውና ዛሬ በስፋት የምንሠራበት የሃንተር መስፈርት የቆመው በዚህ ላይ ነው። ሴሮቶኒንን የሚጨምር መድኃኒት የወሰደ ሰው በራሱ የመጣ ክሎነስ ካለው ይኸው ብቻውን ይበቃል፤ ክሎነሱ በመግፋት የሚወጣ ወይም በዓይን ላይ ያለ ከሆነ ከመቁነጥነጥ ወይም ከላብ ጋር መገኘት አለበት፤ ክሎነስ ባይኖርም መንቀጥቀጥ ከጋለ ሪፍሌክስ (ጅማት ሲመታ እጅ ወይም እግር በራሱ የሚዘልበት ምላሽ) ጋር ከታየ ያስቆጥራል፤ ጡንቻው የገተረና ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ያለፈ ሰው ደግሞ በዓይን ወይም በመግፋት የሚታይ ክሎነስ ሲጨመርበት መስፈርቱን ያሟላል። የእግር ሪፍሌክስ ከእጅ ይልቅ የሚጋል መሆኑም ይረዳናል። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ ሕመሙ እጅግ ሲበረታ ጡንቻው ራሱ ስለሚገትር ክሎነሱ ይሸፈናል፤ በዚያን ጊዜ ክሎነስ የለም ብሎ መዘናጋት ታማሚውን ሊያሳጣ ይችላል።

ሌላው መለያ ፍጥነቱ ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች መድኃኒት በተጨመረ ወይም መጠኑ በተለወጠ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ በ6 ሰዓት ውስጥ ምልክት ያሳያሉ። ቀለል ሲል ከመንቀጥቀጥ፣ ከላብ፣ ከዓይን ብሌን መስፋትና ከልብ ምት መፍጠን አያልፍም፤ ብዙ ሰው ጭንቀት ነው ብሎ የሚያልፈው ይህንን ነው። ሲከፋ ሙቀቱ ከ41 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ የደም ግፊቱ ይዋዥቃል፣ ጡንቻ እየፈረሰ ኩላሊትን ይጎዳል። የሽንት ቀለም ወደ ጥቁር ሻይ ሲለወጥ ይህ መጀመሩን መጠርጠር ይገባል።

ሕክምናው የሚጀምረው ሴሮቶኒንን የሚጨምረውን ሁሉ በማቆም ነው፤ ከዚህ በላይ ኃይል ያለው መድኃኒት የለንም። ቀጥሎ ዲያዜፓም ወይም ሌላ ቤንዞዲያዜፒን መቁነጥነጡን፣ የጡንቻውን ውጥረትና በዚያው የልብ ምቱን ያበርዳል። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ በላብና በተቅማጥ የጠፋውን ይተካል፣ ኩላሊትንም ይጠብቃል። ታማሚውን በገመድ ወይም በሰው ኃይል አልጋ ላይ ማሰር ግን መወገድ አለበት፤ ከማሰሪያው ጋር በታገለ ቁጥር ጡንቻው ሙቀት ያመነጫል፣ አሲድም ይጠራቀማል። ፓራሲታሞልም እዚህ ላይ አይረዳም፤ ትኩሳቱ የሚነሣው ከጡንቻው ሥራ እንጂ አንጎል የሙቀት መለኪያውን ከፍ ስላደረገ አይደለምና። ስለዚህ እርጥብ ጨርቅና ማራገቢያ፣ ከዚያም ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት ነው የሚሠራው። ሙቀቱ 41 ዲግሪን ሲያልፍ ታማሚው ተኝቶ፣ ጡንቻው በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ ላልቶ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ በጽኑ ሕሙማን ክፍል መታገዝ አለበት። ለዚህ ሱክሲኒልኮሊንን አለመምረጥ ያሻል፤ ጡንቻ እየፈረሰ ባለበት ሰው ላይ ፖታሲየምን አጓጉል ከፍ አድርጎ ልብን ሊያቆም ስለሚችል ነው።

ሴሮቶኒንን የሚቃወም መድኃኒትም አለ። ሳይፕሮሄፕታዲን ይባላል፤ ብዙ እናቶች የምግብ ፍላጎት መክፈቻ አድርገው የሚያውቁት ማለት ነው። በአዋቂ ላይ በመጀመሪያ 12 ሚሊግራም፣ ከዚያም ምልክቱ እስኪበርድ በየሁለት ሰዓቱ 2 ሚሊግራም ይሰጣል፤ በመርፌ መልክ ስለማይገኝ መዋጥ ለማይችል ሰው ፍሬው ተፈጭቶ በአፍንጫ ቱቦ ይገባል። ማስረጃው የተሰበሰበው በአብዛኛው ከነጠላ ታማሚዎች ዘገባ ስለሆነ እኔ እንደ ረዳት እንጂ እንደ ዋና መድኃኒት አላየውም። በቤት ውስጥ በራስ ፈቃድ የሚጀመር አይደለም፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣ የታማሚውን አእምሮ ሁኔታ ለመከታተልም ያስቸግራል።

የዚህን ሕመም አሳሳቢነት ዓለም የተማረበት አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን የሚያግድ ፌነልዚን የተባለ የድባቴ መድኃኒት እየወሰደች ሳለ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ፔቲዲን ተሰጣት፤ ትኩሳትና መቁነጥነጥ በርትቶባት፣ ታስራም ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ልቧ ቆመ። ለሞቷ ምክንያት የሁለቱ መድኃኒቶች መገናኘት እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ጉዳዩ በዚያ ግዛት የተለማማጅ ሐኪሞች የሥራ ሰዓት በሕግ እንዲገደብ እስከማድረግ ደርሷል።

መልስ፦ ጤና መኮንን

የተባለውን በአክብሮት አነበብሁ፤ ነገር ግን አንድ ስጋት አለኝ። እኛ ጤና ጣቢያ ላይ የምንሠራ ሰዎች ትኩሳት ያለበትና የሚዘባርቅ ሰው ሲመጣ በቅድሚያ የምናስበው ማጅራት ገትርን፣ ታይፎይድን፣ ተስቦን፣ ቆላ ወርዶ ከተመለሰም ወባን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ወባ እዚህ ባይነሣም፣ ከጋምቤላ ወይም ከአዋሽ መልስ የሚመጣ ታማሚ ብዙ ነው። ቁስል ያለበት ሰው ሲገትርም መንጋጋ ቆልፍ አለ። ክሎነስን ፈልጉ የሚለው ምክር እነዚህን ብዙ ጊዜ የምናያቸውን ገዳይ በሽታዎች እንዳያስረሳን እፈራለሁ። ደግሞስ የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲያተኩሰውና ሲገትር ሃሎፔሪዶልንና ክሎርፕሮማዚንን በመሰሉ የአእምሮ መድኃኒቶች የሚመጣው ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድረም አይደለምን? በምን እንለያቸው?

መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም

ስጋትዎን እጋራለሁ። ማጅራት ገትር እስኪወገድ ድረስ የተጀመረ ፀረ ተሕዋስያን መርፌ እንዲቆም አልመክርም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። ነገር ግን የዊዳል ምርመራ ፖዘቲቭ መሆን ብቻውን በአገራችን ያን ያህል አያስረዳም፤ ቀድሞ የታመመ ወይም ለተመሳሳይ ተሕዋስያን የተጋለጠ ሰው ያለ ሕመምም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ታይፎይድ በቀናት እየተባባሰ የሚሄድ ትኩሳት ነው፤ ከምሳ በኋላ ጤነኛ የነበረን ሰው እስከ ማታ በክሎነስና በላብ አያዋክብም።

ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንትም እንዲሁ በቀናት ነው የሚመጣው። በዚያኛው ታማሚው ይቀዘቅዛል፣ ዝም ይላል፣ ጡንቻው ከዳር እስከ ዳር እንደ ብረት ይገትራል፣ ሪፍሌክሱም ይደክማል። በሴሮቶኒን ሲንድረም ታማሚው ይቁነጠነጣል፣ ይርገበገባል፣ ሪፍሌክሱ ይዘላል፣ አንጀቱ ይጮኻል። አትሮፒንን በመሰሉ መድኃኒቶች የተመረዘ ሰውም ብሌኑ ይሰፋል፣ ይዘባርቃል፤ ቆዳው ግን ደረቅ ነው፣ አንጀቱም ዝም ይላል፤ የእኛ ታማሚ በላብ ይጠመቃል። መንጋጋ ቆልፍ ደግሞ በተለምዶ ከመንጋጋ ይጀምራል፣ አእምሮንም አይነካም።

ፕላሲልን ሳልጠቅስ አላልፍም። ፕላሲል ሜቶክሎፕራማይድ የተባለው የማስመለስ ማቆሚያ ነው፤ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ስለሚያግድ ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንትን ሊያመጣ ይችላል፤ ሴሮቶኒንን ከሚጨምሩ መድኃኒቶች ጋር ተገናኝቶ ሴሮቶኒን ሲንድረም ያስነሣበት አጋጣሚም ተመዝግቧል። ማስመለሱ የመመረዙ ምልክት በሆነበት ታማሚ ላይ ያለ ማመንታት መውጋት ተገቢ አይመስለኝም። መቁነጥነጡን ለማስታገሥ ሃሎፔሪዶል መስጠትም ሥዕሉን ያበላሸዋል።

ጠያቂው፦ ከአራት ኪሎ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ ከሆስፒታል ከወጡ ጀምሮ ፍሎክሴቲኑን አልወሰዱም። ዘመዶቻችን ከእንግዲህ የአእምሮ መድኃኒት የሚባል ነገር በአፋቸው እንዳይዞር ይላሉ፤ እኔ ግን ድባቴው እንዳይመለስባቸው እሰጋለሁ። ወገባቸውንስ በምን እናስታግሥላቸው?

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ

ስጋትዎ ተገቢ ነው። ዘመዶችዎ ፍሎክሴቲኑን የሚወነጅሉት አብሮት የተወሰደውን ሳያዩ ነው፤ አባትዎ ከዓመት በላይ ብቻውን ሲወስዱት ምንም አልሆኑም። ትራማዶሉና ሽሮፑ ከቀሩ፣ ሰውነታቸው ሙሉ በሙሉ ከተረጋጋ በኋላ የአእምሮ ሐኪማቸው ያንኑ መድኃኒት በጥንቃቄ ሊያስጀምራቸው ወይም ሌላ ሊመርጥላቸው ይችላል። ቤተሰብ በራሱ ሥልጣን ማስጀመርም ለዘለቄታው ማስቆምም የለበትም። ቀጠሯቸው ቢዘገይ ሰው አማኑኤልም ሆነ ሌላ ከሚታከሙበት ቦታ ሄዶ ያጋጠመውን በማስረዳት እንዲቀርብ ይጠይቅ፤ የሆስፒታሉን የመውጫ ወረቀትም ይዛችሁ ሂዱ።

ፍሎክሴቲን ከወገኖቹ ሁሉ ይልቅ በሰውነት ውስጥ የሚቆይ መድኃኒት ነው። ራሱም፣ ጉበት ወደ ኖርፍሎክሴቲን ከለወጠው በኋላም ለሳምንታት አይወጣም፤ ከፍሎክሴቲን በኋላ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን የሚያግድ መድኃኒት ለመጀመር 5 ሳምንት መጠበቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከሰርትራሊን በኋላ ግን 2 ሳምንት ይበቃል። እንግዲህ አባትዎ ዛሬ ፍሎክሴቲን ባይውጡም በደማቸው ውስጥ ገና አለ። «አቁመውታልና ትራማዶል ቢወስዱ ግድ የለም» የሚል ሰው ካለ አትስሙት።

ለወገባቸው ፓራሲታሞል በተወሰነ መጠን መጀመሪያ የሚታሰበው ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሴሮቶኒንን ባይነኩም፣ ከፍሎክሴቲን ጋር ሲወሰዱ የጨጓራ መድማትን ስለሚያባብሱ በእርሳቸው ዕድሜ ያለ ሐኪም ምክር አይጀመሩ። ብርቱ ማስታገሻ የሚያስፈልግ ከሆነ ሞርፊን በዚህ ረገድ ከፔቲዲንና ከትራማዶል የተሻለ ነው፤ ይህን ግን ሐኪም ነው የሚወስነው። ለወገብ ፊዚዮቴራፒም አለ፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መድኃኒቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነመጠኑ በአማርኛም በላቲን ፊደልም በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከመታወቂያቸው ጋር አድርጉላቸው፤ በወረቀቱ ግርጌም ትራማዶል፣ ፔቲዲንና ዴክስትሮሜቶርፋን እንዳይሰጣቸው አስፍሩ። በቤት ያለውን የተረፈ ትራማዶል ወደ መድኃኒት ቤት መልሱት። ወደፊት መድኃኒት በተጨመረ ሰሞን ከተቁነጠነጡ፣ ካላባቸውና እግራቸው ከተርገበገበ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በቀይ መስቀል 907 ወይም በእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 አምቡላንስ ጥሩ፤ የመድኃኒቶቹን ማሸጊያም በፌስታል ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።